አርባው ሳይሞላ

የሰርቦ ሚካኤል ዕድር መልእክተኛ ሰኞ ረፋዱ ላይ ጅማ ሲደርስ፣ ፋንቱ ቤት ውስጥ የሚሸጥ ነገር አልቀረም ነበር። የስፌት መኪናዋ ሄዷል። ፍሪጁ ሄዷል። ቁም ሣጥኑም ሄዶ ልብሱ ግድግዳ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ተቀምጧል። የተረፈው እናቷ ወይዘሮ መንበረ የሚተኙበት የሽቦ አልጋ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ፋንቱ ከአንዴም ሁለቴ በዓይኗ ገምታው፣ በራሷ አፍራ ትታዋለች።

ልጇ ፍሬዘር ሊቢያ ነው። ሊቢያ ሲባል ሥራ ይዞ መስሏችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ለእናቱ ሳይናገር ከጓደኞቹ ጋር ጠፍቶ፣ በሱዳን በኩል በረሃውን ሲያቋርጥ ሰው የሚሸጡ ሰዎች እጅ ገባ። ሰዎቹ ይደውላሉ። ሲደውሉ ልጁን እየደበደቡ ነው፤ እናት ጩኸት ከሰማች ገንዘቡ ቶሎ እንደሚመጣ ያውቁታል። ስንት እንደጠየቁ እዚህ አልናገርም። ቁጥሩን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ቀጥሎ ሰዓቱን ያያል። ጎረቤት አዋጣ፣ ዕድር ሰጠ፣ መስጊድ በር ላይ ሳይቀር ተለመነለት። የተሰበሰበው ሁሉ ሲላክ «ይቺ የምሳችን ናት» ተባለ። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው። ከሐሙስ በኋላ ልጁ ምን እንደሚሆን ደዋዩ ጥርት ባለ አማርኛ አስረድቷታል። የአገር ልጅ ነው፤ ፋንቱን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባትም ይኼ ነው።

መልእክተኛው በር ላይ እንደቆመ ጉዳዩን ተናገረ። ለሚካኤል አዲስ ሕንፃ ሊታነጽ ነው፤ መሠረቱ የሚወጣው በአሮጌው መቃብር ላይ ነው። ወገን ያለው መጥቶ የወገኑን አፅም ያንሣ፤ እስከ ቅዳሜ ያልተነሣው ተሰብስቦ ባንድ ጉድጓድ ይገባል። ይህን ብሎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ፋንቱ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በሕይወት ያለውን ማውጣት ያቃታት ሴት የሞተ ለማውጣት አትነሣም። የሰሙት እናቷ ናቸው። ወይዘሮ መንበረ ዛሬን ከትናንት መለየት ካቆሙ ቆይተዋል። ፋንቱን አንዳንዴ በሟች እህታቸው ስም ይጠሯታል፤ ፍሬዘርን ደግሞ ትምህርት ቤት የሄደ እየመሰላቸው ማታ ማታ «አልመጣም?» ይላሉ። የዚያን ቀን ግን ከአልጋቸው ቀና ብለው፣

«ማሙሽዬንም ሊያነሡት ነው?» አሉ።

ማሙሽ ፋንቱ ሳትወለድ በሕፃንነቱ የሞተ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል መሆኑን፣ ከአያቱ ከግራዝማች ጎን መቀበሩን ፋንቱ ከልጅነቷ ጀምራ ስትሰማ አድጋለች። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ዳቦ ይደፋለታል፣ ጠላ ይጠመቅለታል፣ ነዳያን ይበሉለታል። እዚያ ቤት ማሙሽ እንደ ሞተ ሰው ሳይሆን ሩቅ አገር እንደሚኖር ሰው ነበር የሚወራለት።

«አዎ እማዬ፣ ሁሉንም ሊያነሡ ነው።»

«እንግዲያ ወርቄን አውጪና አፈሩን ይመልሱበት።»

«የምን ወርቅ?»

«ሀብሌን ነዋ! አምባሬን፣ ሎቲዬን። ከማሙሽ ጋር አይደል እንዴ ያስቀመጥኩት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ፋንቱ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ከአልጋው በላይ የእናቷ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል፤ እሱም ያልተሸጠው የሰው ሠርግ የሚገዛ ስለሌለ ነው። ፎቶው ላይ መንበረ ገና ልጅ ናቸው። ከአንገታቸው እስከ ደረታቸው ወርቅ፣ በክንዳቸው ወርቅ፣ በጆሯቸው ወርቅ። ግራዝማች የቡና መሬታቸው ከዳር እስከ ዳር የማይታይ ሰው ነበሩና ለልጃቸው ሚስት የሚገባትን አድርገውላት ነበር። ያ ሁሉ የት ደረሰ ሲባል፣ «ደርግ ወሰደው» ነበር መልሱ። ደርግ ብዙ ነገር ስለወሰደ ያንን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ፋንቱ ተስፋ አደረገች። እኔ እንደሚገባኝ ሰው ሲቸገር መጥፎው ነገር ችግሩ አይደለም፤ ችግሩማ ይለመዳል። መጥፎው ነገር በመጨረሻው ሰዓት በር የምታንኳኳው ተስፋ ናት። ፋንቱ ግን ማን ነግሯት ትስማ! ያን ሌሊት በልቧ ጉድጓድ ስትቆፍር፣ ወርቅ ስታወጣ፣ ልጇን ጅማ መናኸሪያ ስትቀበለው አደረች።

ማክሰኞ ጠዋት የልብስ ብሩሽ፣ በጠርሙስ ውኃ፣ ለአፅሙ መጠቅለያ ነጭ አቡጀዲ ይዛ በሚኒባስ ሰርቦ ሄደች። ከአቡጀዲው ሥር ዚፕ ያላት ትንሽ ቦርሳ ደብቃለች። ስለ ወርቁ ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላለችም።

አሮጌው መቃብር ጫካ ሆኗል። በሐውልቶቹ መሐል ወፍ የዘራው ቡና በቅሎ፣ ማንም የማይለቅመው ቀይ ፍሬ ድንጋዩ ላይ ረግፏል። ከላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ከታች የሰው ዘር ሁሉ ያለቅሳል፤ ሃምሳ ዓመት የሆነው ሞት አፅሙ ሲወጣ እንደ ትናንት ሞት ነው መሰል፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ። ፋንቱ ግራዝማች ሲቀበሩ አልነበረችም፤ እናቷም ወደዚያ ግቢ ይዘዋት ገብተው አያውቁም። ሁልጊዜ በር ላይ ተሳልመው፣ ነዳያኑን አብልተው ይመለሱ ነበር። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

ስለዚህ ድንጋይ ለድንጋይ መዞር ሆነ ሥራዋ። ውኃ ታፈሳለች፣ በብሩሽ ትፈትጋለች፣ አረንጓዴው ሻጋታ ሲለቅ ፊደሉ ብቅ ይላል። አንዷ «ለድኻ አዛኝ» የነበረች ሴት ናት። አንዱ እዚሁ አግብቶ፣ እዚሁ ወልዶ የሞተ ግሪካዊ የቡና ነጋዴ ነው። አንዱ ሐውልት ላይ መስታወት ውስጥ የወጣት ፎቶ አለ፤ ፀሐይ በልቶት ፊቱ ጠፍቷል፣ የቀረው ክራባቱ ብቻ ነው። ፋንቱ መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ «ነፍስ ይማር» ትል ነበር። ፀሐዩ ከፍ ሲል ግን ግራዝማች ሆኖ ባልተገኘው ሟች ሁሉ እየተናደደች መጣች። በእሳቸው ቦታ ለምን ተኛችሁ እንደማለት ዓይነት ነው።

«ማዘር፣ ማንን ነው የምትፈልጊው?» አላት ዕድሩ ካቆማቸው ቆፋሪዎች አንዱ። ለሚ ይባላል፤ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ ነው፣ ዕድሜው የፍሬዘር ነው።

የግራዝማችን ስም ነገረችው። ለሚ ተዟዙሮ ፈልጎ፣ ቡና ሥር በአፉ የተደፋ ትልቅ ድንጋይ አገኘና ጓደኞቹን ጠራ። በዲጂኖ ፈንቅለው ሲገለብጡት ፊደሉ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ግራዝማች ናቸው! ፋንቱ እልል ማለት ቃጣት፤ መቃብር መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ከጎናቸው ነው» አለች። «ሕፃን ነው። ወንድሜ። ስትደርሱበት እናንተ እንዳትነኩት፤ እኔ ነኝ በእጄ የማወጣው።»

«ኧረ ችግር የለም ማዘር።»

ቆፈሩ። ፋንቱ ከጉድጓዱ አፍ ሳትነቃነቅ አካፋው ከፍ ባለ ቁጥር አፈሩን በዓይኗ ትበረብረዋለች። ብልጭ ያለ ነገር ሁሉ ድንገጥ ያደርጋታል፤ ብልጭ የሚለው ግን ድንጋይ ነው። ለሚ ላቡን እየጠረገ ቀና አለና፣

«ልጅሽ ሊቢያ ነው አሉኝ። ተሻገረ?» አላት።

«አልተሻገረም።»

«ይሻገራል አቦ! ኢንሻአላህ በይ። እኔም እዚህ የምቆፍረው ለመሄጃዬ ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ቅናት ነበረበት። ፋንቱ አካፋውን ቀምታ ጭንቅላቱን ብትለው ደስ ባላት ነበር፤ ግን ጉድጓዱ አላለቀም።

በግራ ቆፈሩ፣ በቀኝ ቆፈሩ። የግራዝማች አፅም ወጣ፤ ረዥም ሰው ነበሩ። ከአጠገባቸው ያለው መሬት ግን ሥርና ቀይ አፈር ብቻ ነው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቄስ ገላና መስቀላቸውንና መጽሐፋቸውን ይዘው መጡ፤ አፅም ሲነሣ ፍትሐት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው።

«የሕፃኑ ክርስትና ስም ማን ነው ልጄ?»

«ኃይለ ሚካኤል አባቴ።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ዓመት የለውም። እናቴ ገና አራስ እያለች ነው የሞተባት።»

ቄሱ መጽሐፉን ሊገልጡ የዘረጉትን እጅ አቆሙ። ጉድጓዱን አዩ፤ ቀጥለው ፋንቱን አዩ።

«አራስ እያለች ካልሽ፣ ክርስትና መቼ ተነሣ?»

ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሣው፤ እስከዚያ እናቲቱም ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ልጁም ስም የለውም። ሳይጠመቅ የሞተ ደግሞ ከቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ፋንቱ ራሷ ፍሬዘርን በአርባው ቀን ታቅፋ እዚያችው ጅማ ላይ አስነሥታለች። ግን በየዓመቱ ዝክር የሚዘከርለት፣ በስሙ ነዳያን የሚበሉለት ወንድም ያልተጠመቀ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ከአርባ ዓመት በላይ የበላችው የዝክር ዳቦ ነው ያታለላት።

«ታዲያ የት ይቀበራል?» አለች።

«ከደጅ ነዋ ልጄ። ከቅጥሩ ውጪ። እሱ ራሱ ፈጣሪ ያውቀዋል እንጂ ምልክትም አይደረግለትም» አሉ ቄስ ገላና፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሲናገሩም አንገታቸውን ደፍተው ነው። «ቦታውን የምታውቀው እናት ብቻ ናት። እናትሽን ጠይቂ።»

የግራዝማችን አፅም በአቡጀዲው ጠቅልላ ለዕድሩ አስረክባ ጅማ ተመለሰች። እናቷን ጠየቀች፤ የዚያን ቀን ግን እናቷ አልነበሩም። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ሰውየዋ የለችም። ፋንቱ ለመነች፣ አባበለች፣ መጨረሻ ላይ ትከሻቸውን ይዛ ነቀነቀቻቸው። ወይዘሮ መንበረ እንደ ልጅ አለቀሱ። ከዚያ ፋንቱም አለቀሰች፤ ማታውን ሁለቱም ሳይበሉ ተኙ።

ረቡዕ ሲመሽ፣ ፋንቱ ፀጉራቸውን ስታበጥርላቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

«አርባው ሳይሞላ ነው የሞተው» አሉ። «ትንሽ ቀርቶት ነበር። ቀሚሱን ሰፍቼለት ነበር፣ ለክርስትናው።»

ፋንቱ ማበጠሪያውን አላቆመችም። ካቆመች እንዳይጠፉባት ፈርታ ነው።

«ጠዋት ነው የሞተው። እኔ ታቅፌው ቁጭ ብያለሁ። እነዚያ የዘመቻ ተማሪዎችና የገበሬ ማኅበሮቹ ግቢውን ሞሉት። ግራዝማችን ይፈልጋሉ፣ ጠመንጃ ይፈልጋሉ፣ ወርቅ ይፈልጋሉ። ፍራሹን ቀደዱት፣ ጎተራውን ገለበጡት። እኔ ወርቄን ሁሉ አውልቄ መጠቅለያው ውስጥ ከተትኩት። ከደረቱ ላይ። በላዩ ጠቀለልኩት። ክፍሌ ሲገቡ ሬሳ ነው አልኳቸው፤ አንዱ ልጅ ኮፍያውን አወለቀ። ማን ሬሳ ይፈታል?» ትንፋሽ ወሰዱ። «በኋላ ላወጣው ነበር። አባትሽ ሊቀብረው ሲወስደው ላወጣው ነበር። ግን ለማውጣት መፍታት ነበረብኝ። መፍታት አልቻልኩም፤ በርዶት ነበር።»

«የት ቀበረው እማዬ?»

«ብሳናው ሥር። ከቅጥሩ ውጪ፣ መንገዱ ዳር ያለው ትልቁ ብሳና።»

«ታዲያ ስሙ? ኃይለ ሚካኤል ያልሽው?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁለት» አሉ ወይዘሮ መንበረ። «ስም የሌለው ልጅ ማን ብለው ይጠሩታል ብዬ።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ስንት ነው፤ ቤቱ ተወርሶ፣ ባል ታስሮ ሞቶ፣ ሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ፋንቱን ሲያሳድጉ፣ ያ ሁሉ ወርቅ ብሳና ሥር ተኝቶ ነበር። አንድም ቀን አካፋ ይዘው አልሄዱም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፋንቱ እናቷን አቅፋ ታለቅስ ነበር። አሁን ግን በልቧ የመጣው ሌላ ነው፤ እንኳንም ሳታወጣው ቀረች፣ ለኔ ልጅ ቆየልኝ አለች። እንዲህ በማሰቧ አልፈረድኩባትም፤ እናንተም ልጅ ካላችሁ አትፈርዱም።

ሐሙስ ማለዳ ሰርቦ ስትደርስ ወደ ግቢው አልገባችም። ቅጥሩን ይዛ ወደ መንገዱ ወረደች። ብሳና ፈለገች። ብሳና የለም። ቅጥሩ ጥግ ድረስ የመጣው አስፋልት ነው፤ አስፋልቱ ዳር በሲሚንቶ የተሠራ ቦይ፣ ከቦዩ ማዶ ጀንፈል ቡና የተሰጣበት ሸራ። ከሸራው አጠገብ ሀጂ ሙሀጅር ቡናውን በእግራቸው ያገላብጣሉ። የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ የግራዝማችን ቤት ያውቁታል።

«አካም ቡልቴ ያ ፋንቱ! የመንበረ ልጅ! እናትሽ ደኅና?» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ ሀጂ። እዚህ ጋ ትልቅ ብሳና አልነበረም?»

ሀጂ ሙሀጅር እግራቸውን ከቡናው አውጥተው ጫማቸውን አደረጉ።

«ነበረ» አሉ በመጨረሻ። «አምና መንገዱ ሲሰፋ ነው የተነቀለው። ምነው? ሬሳ ፍለጋ ነው የመጣሽው?»

ፋንቱ ሀጂ ያመጡላትን በርጩማ ይዛ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንገድ ሥራው ማሽን ብሳናውን ከነሥሩ ሲያነሣው፣ በሥሩ ተጠቅልሎ ትንንሽ አጥንት ወጣ። የቀን ሠራተኞቹ ሸሹ። ሀጂ ሙሀጅር ሱቃቸውን ትተው ሮጠው ደረሱና፣ ያገኙትን በጋቢያቸው ለቀሙ። የክርስቲያን ይሁን የእስላም አላወቁም። ሼካቸውን ቢጠይቁ፣ ሕፃን ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚወለደው፣ የማን ልጅ ነው ተብሎ ሜዳ ላይ አይጣልም አሏቸው። ከፍነው፣ ሰግደው፣ ከራሳቸው ሰዎች ጋር ቀበሩት።

«ከአጥንቱ ጋር ሌላ ነገር አልነበረም ሀጂ?»

ሀጂ ሙሀጅር ወደ ሱቁ ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ የተቋጠረ መሐረብ ይዘዋል። ፈቱት። አንድ የወርቅ ሎቲ ነው።

«ይቺ ከአፈሩ ጋር ተጣብቃ ወጣች። ወላሂ ሌላ አላየሁም። አማና ናት፣ ባለቤቷ እስክትመጣ ነው ያስቀመጥኳት። ለልጆቼም፣ እኔ ብሞት የሰው ናት ብያለሁ» አሉና መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«አፈሩስ? የቀረው አፈር?»

«አፈሩንማ ገልባጭ ጭኖ ሄደ። የት እንደደፋው አላህ ይወቅ። መንገድ ሞሉበት፣ ድልድይ ሥር ደፉት...» እጃቸውን አስፋልቱ ላይ በቁመቱ ዘረጉት። ቡና የጫነ አይሱዙ በላዩ ላይ እየጮኸ አለፈ። ፋንቱ ጎማውን ተከትላ አየችው፤ ሀብሉ፣ አምባሩ፣ ልጇ፣ ሁሉም እዚያ ሥር ነው።

ሀጂ መቃብሩን ሊያሳዩዋት ወሰዷት። ከኮረብታው ጀርባ፣ ሣር የበቀለበት፣ ራስጌው ላይ ድንጋይ ያለው ትንሽ ጉብታ ነው። ድንጋዩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሀጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ፋንቱ አጠገባቸው ቆማ ሎቲዋን ስትጨብጥ፣ ይቺ አንዷ ብትሸጥ ለስንት ቀን ትሆናለች ብላ አሰበች። ለአንድም አትሆንም። ያን ጊዜ ቅስሟ ተሰበረ። ከዚያ በፊት ተሰብሮ የነበረ የመሰላት ሁሉ ከንቱ ነበር።

ቤት ስትደርስ አጠገባቸው ያስቀመጠቻት የጎረቤት ልጅ ሄዳ፣ ወይዘሮ መንበረ ብቻቸውን አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ጥርት ብሏል። እንደዚህ ጥርት የሚለው አልፎ አልፎ ነው፤ ለዛሬ ባይሆን ምን ነበረበት።

«አገኘሽው?» አሉ።

«አገኘሁት እማዬ።»

«ደኅና ቦታ ነው ያለው?»

«ደኅና ቦታ ነው። ሣር አለው። ቀብረውታል፣ ጸልየውለታል።»

እናቷ ረዥም ትንፋሽ አወጡ። ፋንቱ ሎቲዋን አውጥታ መዳፋቸው ላይ ስታደርግላቸው ወዲያው ነው ያወቋት። ወደ ጆሯቸው አስጠጓት፤ የጆሯቸው ቀዳዳ ከተደፈነ ዘመን ሆኖታል። ከዚያ ጨበጧት። ፋንቱ እጇን ስትዘረጋ ጭብጣቸውን ወደ ደረታቸው ወሰዱት።

«የልጄ ናት» አሉ።

«የኔም ልጅ አለ እማዬ!» ብላ ጮኸች ፋንቱ። «የኔም ልጅ አለ!» ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ልታላቅቅ ያዘች። ያረጀ ጣት እንዲህ ይጠነክራል ብላ አስባ አታውቅም። መሐል ላይ ለምን እንደምትታገል ጠፋባትና ተወችው። ጭብጡን እንዳለ በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን አስደገፈችበት።

ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ቁጥሩ የውጭ ነው።

መጀመሪያ ያ ሰውዬ ነው። «እናት፣ ሐሙስ ነው ዛሬ» አለ፣ ዕቃ እንደሚያስረክብ ነጋዴ። «ተዘጋጀ?» ፋንቱ ልጄን አገናኘኝ አለች። ምታቱ ተሰማ፣ ጩኸቱ ተሰማ፣ ከዚያ የፍሬዘር ድምፅ መጣ፤ ቀጥኖ፣ የሕፃን ሆኖ።

«እማ! እማ ላኪላቸው በናትሽ! እማ ላክሽ?»

ሰኞ ዕለት ቢሆን ትዋሸው ነበር። ነገ እልካለሁ፣ አጎትህ ቃል ገብቷል፣ ባንክ ዘግቶ ነው ትለው ነበር። ዛሬ የምትዋሸው አልቀራትም። አልጋው ላይ እናቷ ጭብጣቸውን ይዘው ያዩዋታል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየኅዳሩ ከቅጥሩ በር ላይ ቆመው ወደ ብሳናው ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ፍሬዬ፣ አለሁ» አለች። «ስማኝማ ልጄ። ያለህበት ቦታ ማን ይባላል?»

«እ? ምን?»

«የቦታውን ስም ንገረኝ። ስሙን ብቻ።»

«አላውቅም እማ፣ አልነገሩንም። ለምን ትጠይቂኛለሽ? ላክሽ ወይ?»

«ከተማ አለው? ወንዝ አለው?»

«ምንም የለውም፣ አሸዋ ነው! ሁሉም አሸዋ ነው እማ!»

«ዛፍስ?» አለች ፋንቱ። «አንድ ዛፍ እንኳ አይታይህም?»